«ሪቪዚት» ያላወቀ ልጅ ፊዚክስ ይውደቅ?

አወያይ፦ የጅማ ወላጆችና መምህራን፣ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር? ነገሩን ያስነሳው አንድ የክፍል ፈተና ነው። «ዘ ኮሚቲ ዊል ሪቪዚት ዘ ፕሮብለም» ይላል። ብዙው ልጅ «ኮሚቴው ቦታውን ዳግም ይጎበኛል» የሚለውን መረጠ።

መምህሩ፦ ይቀጥል ባይ ነኝ። ልጆቹ «ሪ» እና «ቪዚት»ን ደምረው ገመቱ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። ችግር ግን አይጎበኝም፤ እንደገና ተነሥቶ ይታያል። ደግሞ ሪቪዚት ጉዳዩን ይከፍታል እንጂ ሐሳብ ይቀየራል ብሎ ቃል አይገባም። ወደ መቀየሩ የሚያጋድለው ሪቲንክ፣ ማለትም እንደገና ማሰብ ነው። ይሄ ካልተነበበ አይመጣም።

አንድ ነጋዴ፦ ቃል አይገባም? ለካ ስብሰባ ላይ የሚወዱት ለዚህ ነው 😂

እናት ከሂርማታ፦ መምህር፣ እንግሊዝኛውንማ ይማሩ፣ ማን ጠላ? እኔ የምለው ፊዚክሱን ነው። ልጄ እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ ተምራ ጎበዝ ነበረች። አሁን ደብተሯን ገልጬ አየሁ። ከየቃሉ በላይ በእርሳስ ትርጉም ጽፋለች። ገጹ መሃል ላይ እርሳሱ ቆሟል። ከዚያ በታች ዝም ብላ ገልብጣለች። ይሄ ፊዚክስ ነው?

የአጋሮ ልጅ፦ እትዬ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ የመጣ ተማሪ አንድ ክፍል ይቀመጣል። በየትኛው ቋንቋ ይማር?

እናት ከሂርማታ፦ እሱ ያኔ ይታያል። ልጄ እዚያ ሳትደርስ ልትቀር ነው እኮ!

መምህሩ፦ እህቴ፣ ሁሉን በቋንቋ አናሳብ። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጥቶ ኩረጃ ሲከለከል ጉዱ ወጣ።

ነርሷ፦ የኮረጀውስ ጥያቄው ስላልገባው ቢሆንስ? እኔ በእንግሊዝኛ ተምሬ ለታካሚ የማስረዳው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። በሁለቱም ማስተማር ለምን ነውር ሆነ? መምህር፣ እርስዎስ ክፍል ውስጥ ሲጨንቅዎ በምን ያስረዳሉ?

መምህሩ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ በአፋን ኦሮሞ።

እናት ከሂርማታ፦ ታዲያ ፈተናውንም እንደዚያው ያውጡላቸዋ!