ዲዮዶተስ ፍትህን ትቶ ስለ ጥቅም መከራከሩ ትክክል ነበር?

አንባቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ስለ አቴንስና ስፓርታ ጦርነት የጻፈውን እያነበብኩ አንድ ቦታ ላይ ቀረሁ። የአቴንስ አጋር የነበረችው የሚቲሊኒ ከተማ በአቴንስ ላይ አመፀች፣ በ427 ከክርስቶስ ልደት በፊት እጅ ሰጠች። የአቴንስ ጉባኤ በንዴት ወንዱ ሁሉ ይገደል፣ ሴትና ሕፃን ይሸጥ ብሎ ወሰነ፣ መርከብም ላከ። በነጋታው ሕዝቡን ጸጸተውና እንደገና ተሰበሰበ። ክሊዮን የተባለው ተናጋሪ ፍትህም ጥቅምም መግደል ነው ይላል። ተቃዋሚው ዲዮዶተስ ግን ይትረፉ ባይ ሆኖ ሳለ፣ እኛ እዚህ የተሰበሰብነው ለመዳኘት ሳይሆን የሚጠቅመንን ለመምረጥ ነው ይላል። ከገደልናቸው ነገ የሚያምፅ ከተማ እስከ መጨረሻው ይዋጋል፣ ግብሩም ይቀርብናል። እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። ነፍስ ለማዳን ተብሎ ፍትህን ከክርክሩ ማውጣት ለሌላ ክፋት በር አይከፍትም?

የደሴው፦
ይከፍታል እንጂ! ሜሎስን ተመልከት። በ416 አቴናውያን 38 መርከብ ይዘው ደሴቷን ከበቡ። ሜሎሶች ከማንም አልወገንም ቢሏቸው፣ ፍትህ የሚነሳው አቅማቸው በተመጣጠነ ሰዎች መካከል ነው፣ ኃይለኛ የቻለውን ያደርጋል፣ ደካማም ይሸከመዋል አሏቸው። የሚያሳዝነው ሜሎሶች ራሳቸው በጥቅም ቋንቋ ለመናገር መገደዳቸው ነው፤ ነገ እናንተም ስትወድቁ ፍትህ ያስፈልጋችኋል ብለው ለመኑ። ማን ሰምቷቸው! በእጃቸው የገባውን ጎልማሳ ወንድ ገደሉ፣ ሴቶቹንና ልጆቹን ሸጡ፣ 500 ሰፋሪ አመጡበት።

ታሪክ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ በዲዮዶተስ አትፍረድበት። ንግግሩን እንደገና አንብበው፤ የሚቲሊኒ ተራ ሕዝብ መሣሪያ እጁ እንደገባ ከተማዋን ያስረከበ ነው፣ እሱን መግደል በደል ነው ይላል። ግን ወዲያው፣ ቢያጠፉ እንኳ እንዳላየን እንለፋቸው ብሎ ወደ ጥቅሙ ይመለሳል። ሰውዬው ፊቱ ያለውን ሕዝብ ያውቀዋል። ትናንት ሞት የፈረደ፣ ዛሬ እዘኑ ቢሉት ለዘብተኛ ብሎ የሚጮህ ጉባኤ ነው። እንደዚያም ሆኖ ያሸነፈው በጥቂት እጅ ብልጫ ነው። የሞቱን ትእዛዝ የሚሽረውን ውሳኔ ይዛ ሁለተኛዋ መርከብ የመጀመሪያዋን ስትከተል ቀዛፊዎቹ እየቀዘፉ ነው የበሉት፣ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት፣ ልክ እንደኛ በሶ፣ በየተራ እየተኙ። አዛዡ ፓኬስ የሞቱን ትእዛዝ አንብቦ ሊፈጽም ሲል ደረሱ። እኔ ይህን ሳነብ ሁሌም እንባዬ ይመጣል። ክሊዮን ግን ቢያንስ የአመፁን መሪዎች አስገደለ፣ ከ1,000 በላይ ነበሩ።

ማኅሌት፦
ፍትህን መጥራቱ ብቻውንስ ምን ያድናል? በዚያው ዓመት ስፓርታ የአቴንስን ወዳጅ ከተማ ፕላቴያን ስትይዝ ዳኞች አስቀመጠች። ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚህ ጦርነት ለስፓርታና ለአጋሮቿ የሠራችሁት በጎ ነገር አለ? የለም ያለ ሁሉ ተገደለ፣ ከ200 ያላነሱ። ዋናው ምክንያት የፕላቴያ ጠላት፣ የስፓርታ አጋር የሆነችው ቴብስ ለጦርነቱ ትጠቅማለች የሚል ነበር። ከክሊዮን ይልቅ እኔን ይሄ ይበልጥ ያስፈራኛል፣ ችሎት ተቀምጦ፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎ መታረዱ።

አንባቢው፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ማኅሌት፣ ይህን አላየሁትም ነበር። የደሴው፣ ለአንተ አንድ ነገር ልጨምር። በ405 የአቴንስ መርከቦች ሲደመሰሱ ወሬው ከተማ የገባ ሌሊት ማንም አልተኛም ይላል ታሪክ ጸሐፊው ዜኖፎን፤ በሜሎስ ላይ ያደረግነው በኛ ሊደርስ ነው ብለው ነበር ያነጉት። የተረፉትን ሜሎሶች ሰብስቦ ወደ ደሴታቸው የመለሳቸውም የስፓርታው የጦር መሪ ላይሳንደር ነው።