ጥቆማ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የተጠበሰበት ዘይት የሚቀበል ማን አለ?

እናት ቱሉ ዲምቱ፦ ሰላም ጎረቤቶች፣ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ለሱቅ አስረክባለሁ፣ አሁን ባለ 5 ሊትር ሁለት ጀሪካን አሮጌ ዘይት ሞልቶብኛል። ሲንክ ውስጥም ቦይ ውስጥም መድፋት አልፈልግም። ለቆራሌ ይሻላል ወይስ ለሳሙና ሰሪ?

ግራውንድ፦ ሲንክ ውስጥ ስላልደፋሽው እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እኔ ምድር ላይ ነው የምኖረው፣ ከላይ አራቱም ፎቅ የሚደፋው በአንድ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ የፋሲካ ማግስት በኔ ሲንክ ገንፍሎ ኪችኑን ሞላው፣ ቧንቧው ሲፈታ እንደ ሻማ የረጋ ዘይት ነው የወጣው። የመጣው ቧንቧ ሰራተኛ ዱቄት ኬሚካል ጨምሮ ብሩን ተቀብሎ ሄደ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ተዘጋ፣ ስደውል አያነሳም።

ኮዬ ፈጬ፦ ኬሚካል ለረጋ ዘይት አይሆንም ወንድሜ። እኛ ብሎክ በስፕሪንግ ሽቦ ነው ያስከፈትነው፣ ከዛ ወዲህ ሰላም ነው።

ማሂ፦ የፈላ ውሃ ድፉበት ቀልጦ ይሄዳል

ግራውንድ፦ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ እኔ ነዋ! ታች ሲደርስ ቀዝቅዞ ይረጋል።

ሀበሻ ኪችን፦ ለመጥበሻ ግን ሱፍ ነው ወይስ የሚረጋው የሚሻለው? ሱፍ ውድ ሆነብኝ

የገላን ልጅ፦ ገላን ገበያ ጋ ሳሙና የምትሰራ እናት አለች፣ 3 ዓመት ሙሉ ለሷ ነው የምሰጠው፣ ሌላ ጋ እንዳትሄጂ።

ኮዬ ፈጬ፦ ስንት ትከፍላለች?

የገላን ልጅ፦ ሁለት ሳሙና ትሰጠኛለች፣ ይበቃኛል።

ማሂ፦ ለጀሪካን ሙሉ ዘይት ሁለት ሳሙና?? ቆራሌ እኮ ብር ይሰጣል

የገላን ልጅ፦ ቆራሌ የሚፈልገው ጀሪካኑን ነው፣ ዘይቱን ቦይ ውስጥ ሲገለብጠው አይቻለሁ።

ሀበሻ ኪችን፦ እኔ የቤት ሳሙና ገዝቼ እጄን ላጠኝ

ትዕግስት አለኝ፦ ሳሙናው የሚሰራበት ካስቲክ ሶዳ በዝቶ ነው፣ ወይ ሳይቆይ ተሽጦልሽ ነው። ለ1 ኪሎ የሱፍ ዘይት 134 ግራም ገደማ ይበቃል፣ ከተቆረጠ በኋላም 4 ሳምንት መቆየት አለበት። የምትሰሩ ካላችሁ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳታፈሱ፣ ፈልቶ ይረጫል። አሉሚኒየም ድስት ደግሞ ይበላዋል። እናት፣ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልለሽ ለሳሙና ሰሪዋ ስጫት፣ ውሃ አይግባበት። ጥቂት ሲሆን ሰጋቱራ ላይ አፍስሰሽ በፌስታል ቋጥሪና ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጪ። በርካሽ እንግዛሽ ለሚሉሽ ጠባሾች ግን እባክሽ እንዳትሸጪ፣ ሰው ነው የሚበላው።

እናት ቱሉ ዲምቱ፦ ተባረኩ። ሳሙና ሰሪዋ እሁድ ትገኛለች?

ግራውንድ፦ ኮዬ ፈጬ፣ የሽቦውን ልጅ ቁጥር በውስጥ ላክልኝ፣ ሲንኩ ዛሬም መንቦጭቦጭ ጀምሯል።