አንድ ሽል አስገብተው መንታ ሲመጣ፦ ሦስተኛው ቀን ይሻላል ወይስ አምስተኛው?

ጠያቂዋ፦ አይቪኤፍ ልጀምር ነው፤ እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተዋህደው ሽሉ ከቀናት በኋላ ማህፀን ውስጥ የሚገባበት ሕክምና ነው። ሐኪሜ "አንድ ሽል ብቻ እናስገባለን፣ በአምስተኛው ቀን" አለኝ። መንታ ስለምፈራ ደስ አለኝ። በኋላ ስሰማ ግን በአምስተኛው ቀን የገባ ሽል ለሁለት የመከፈል ዕድሉ ከፍ ይላል። ታዲያ በሦስተኛው ቀን ቢገባ ምናለበት?

የመንታ አባት፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለእኛም "አንድ" ነበር የተባልነው። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ላይ ሐኪሟ ድንገት ዝም አለች። ስክሪኑን ወደ እኛ ስታዞረው አንድ ከረጢት ውስጥ ሁለት ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ባለቤቴ እጄን ጨብጣ "ሁለት ነው እንዴ?" አለች። ቀድሞ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

ላብራቶሪ የምሠራው፦ አለመንገራቸው ጥፋት ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ቁጥሩን ግን እንየው። በተፈጥሮ እርግዝና ከ1000 ወሊድ 4 ያህሉ ተመሳሳይ መንታ፣ ማለትም ከአንድ ሽል መከፈል የመጡ ናቸው። በአይቪኤፍ አንድ ሽል ሲገባ ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ገደማ ይሆናል። አምስተኛው ቀን ላይ ከፍ እንደሚል ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ምክንያቱ ግን ገና አልተቋጨም። በሦስተኛው ቀን ሽሉ 8 ገደማ ሴል ነው። በአምስተኛው 100 ገደማ ደርሶ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል፣ ልጅ የሚሆነው ክፍልም በአንድ ጎን ይሰበሰባል። ሽፋኑን ቀዶ ሲወጣ ያ ክፍል ለሁለት ይከፈላል የሚሉ አሉ። ላብራቶሪ ውስጥ የሚቆይበት ፈሳሽ ነው የሚሉም አሉ።

የመንታ አባት፦ ምክንያቱ ካልታወቀ ለምን አምስት ቀን ያቆዩታል?

ላብራቶሪ የምሠራው፦ ደካማው ሽል መንገድ ላይ ስለሚቀር ነዋ። ግማሽ ያህሉ አምስተኛው ቀን አይደርስም። የደረሰው የመያዝ ዕድሉ የተሻለ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲሆን ሰው "እንዳይከሽፍ" ብሎ ሁለት ያስገባል። ያኔ ከ100 እርግዝና 20 እና ከዚያ በላይ መንታ ሊሆን ይችላል። ከ2 ሸሽቶ 20 ውስጥ መግባት ምን ይባላል?

አዋላጅ ነርስ፦ የሁለቱ መንታ አደጋ ግን እኩል አይደለም። ሁለት ሽል ገብቶ የመጣ መንታ እያንዳንዱ የራሱ የእንግዴ ልጅ አለው። እንቁላልና ዘር ከተዋሃዱ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን ባለው ጊዜ የተከፈለ ሽል ግን አንዱን የእንግዴ ልጅ ይጋራል። ከእነዚህ ከ100 ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት እርግዝናዎች ደም ከአንዱ ወደ ሌላው እያደላ ይፈስሳል። ስለዚህ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። መጋራታቸው ደግሞ ከ14ኛው ሳምንት በፊት ካልታየ በኋላ መለየቱ ያስቸግራል።

የመንታ አባት፦ በየሁለት ሳምንቱ የምትለው እኛ ነን። ውጤቱ እስኪነገረን ድረስ በር ላይ እንቆም ነበር። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

ላብራቶሪ የምሠራው፦ አትቀይር። እኔም ሽላቸው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ለሆነ ሰዎች ሦስተኛው ቀን ላይ ይግባ ብል ነውር የለውም። አምስተኛው ቀን ሲጠበቅ ባዶ እጅ መቅረትም አለ። የመንታ ፍርሃት ብቻውን ግን አይበቃኝም።

ጠያቂዋ፦ እኔ ያሉኝ ስድስት ናቸው። እንግዲያው አምስተኛውን ቀን እጠብቃለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ሐኪሜን የምጠይቀው አለኝ፦ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ መቼ ነው? ሁለት ቢሆኑ የእንግዴ ልጃቸውን ማን ያይልኛል?