ይቺ ግራጫ ወፍ ዋሽታ ነው ወይስ ደንግጣ?

ላባ12፦
ትናንት ማታ ስለ አማዞን ጫካ ቪዲዮ እያየሁ፣ አንዲት ግራጫ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሌላ ወፍ ከሥሯ ፌንጣ ሲያሳድድ ድንገት ጮኸች። ያኛው ባለበት ደርቆ ቀረ፣ ፌንጣውን እሷ ቀለበችው። ጭልፊት የሚባል የለም! ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ስሟን ታምኖማነስ ሲሉ ሰምቻለሁ። አውቃ ነው?

ጫካ ገብ፦
መጀመሪያ "እሷ" አትበላት። ከታች የማነሳው የፔሩ ዝርያ ከሆነ ሙሉ ግራጫው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ከሥር የዝገት ቀለም አላት።

ታምኖማነስ አራት ዝርያ ያለው ጂነስ (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ) ነው። ሥራቸው ዘበኝነት ነው ብልህ ማጋነን አይሆንብኝም። ገና ሲነጋ ጮኸው የተለያዩ ትንንሽ ወፎችን ይሰበስባሉ። እነዚያ ቅጠል ሲያገላብጡ ስለሚውሉ ቀና ብለው ጭልፊት አያዩም፤ ዘበኛው ያይላቸዋል። ደሞዙም እነሱ ያስበረገጉት ነፍሳት ነው።

ተመራማሪው ቻርልስ መን ፔሩ ባለው ማኑ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መንጋዎቹን ተከታትሎ በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የጻፈው አንተ ያየኸውን ነው፦ ዘበኛው ከሌላ ወፍ ጋር አንድ ነፍሳት ሲሻማ "ጭልፊት መጣ" የሚለውን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ያሰማል። ሌባው ራሱ "ሌባ! ሌባ!" እንደሚለው ማለት ነው። አውቆ ይሁን አይሁን ልቡን ከፍተን አላየንም፣ ግን የሚጮህበት ሰዓት በጣም ይመቸዋል።

ተጠራጣሪው፦
ሁለት ሦስቴ ከተሸወዱ ለምን አይንቁትም? ደግሞ የጉንዳን ወፎች ቤተሰብ ነው ይባላል፣ ጉንዳን አይበላም እንዴ?

ጫካ ገብ፦
በውሸት ብትደነግጥ የምታጣው አንድ ፌንጣ ነው። እውነተኛውን ብትንቅ ጭልፊቱ ይዞህ ይሄዳል። በ2018 በወጣ ጥናት ፔሩ ውስጥ ዘበኞቹን ከመንጋው ለይተው ሲያወጡ፣ የቀሩት ዝቅ ብለው ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ውስጥ ገቡ። ከውሸታም ዘበኛ ያለ ዘበኛ መዋል ያስፈራል።

ጉንዳኑ ከዘመዶቹ የመጣ ስም ነው። እነሱ የዘማች ጉንዳን ሰልፍ ይከተላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ዋናው ምግባቸው ከጉንዳኑ የሚሸሸው ነፍሳት እንጂ ጉንዳኑ አይደለም። የእኛ ሰውዬ ሰልፉን ትቶ ከመንጋው ጋር ነው የሚውለው።

ላባ12፦
አራተኛ አየሁት። የተሸወደው ወፍ ትንሽ ቆይቶ እዚያው ከዘበኛው ሥር ቅጠል ማገላበጡን ቀጠለ። ፈቀቅ እንኳ አላለም።