ማረጥ መስሎኝ ነበር፤ በ43 ዓመቴ እርጉዝ ነሽ ተባልኩ

ጥያቄ፦ የልደታዋ

እህቶቼ፣ ሰላም ናችሁ? ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈራ ተባ ስል ቆየሁ። ዕድሜዬ 43 ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ፤ የምሠራው አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ትንሹ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው።

የወር አበባዬ ከአምና ጀምሮ ተዘበራርቋል። አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘላል። ሌሊት ያልበኛል። ታላቅ እህቴ "በቃ አረጥሽ" አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። የወሊድ መከላከያ መርፌውን የተውኩትም ያኔ ነው። ከእንግዲህ ምን ሊሠራልኝ ብዬ። ሰሞኑን ግን የሽንኩርት ቁሌት ሲሸተኝ ከቤት ያስወጣኝ ጀመር። ጨጓራዬ ነው አልኩ። ሲብስብኝ ከፋርማሲ መመርመሪያውን ገዛሁ። እሑድ ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቤት ቀረሁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ እያበራሁ ነው ያየሁት። ሁለት መስመር። ሁለተኛዋ ቀጭን ናት፤ ግን አለች። በደረሰኝ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ እስካሁን እዚያው ናት።

በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "ታካሚዋ ልጅዎ ናት?" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልትራሳውንዱ 10 ሳምንት ከ3 ቀን ይላል።

ለባሌ ነገርኩት። ዜና እያየ ነበር፤ ድምፁን ቀነሰ። ዝም። ከዚያ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ ገባ። ስለ ነገሩ እስካሁን አላወራንም።

ምከሩኝ። ለልጆቼ እንዴት ብዬ ልናገር? በተለይ ለትልቋ ልጄ። መሥሪያ ቤትስ ምን ይሉኛል? ደግሞስ በዚህ ዕድሜ ልጁ ጤነኛ ይሆናል? ሁለቱንም በሰላም በምጥ ነው የወለድኳቸው። ጤናዬ ደህና ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

መልስ፦ የወንዶች እናት

እልልልል! የኔ እህት፣ ምን ያሳፍራል? ኤልሳቤጥም በስተርጅናዋ ነው የወለደችው። እናቴ እኔን ስትወልድ ታላቅ እህቴ ባል አግብታ ነበር፤ እናትና ልጅ አብረው ነው የታረሱት። ያን ጊዜ ማን አፈረ? ግፊቱን አታስቢ። ክኒኑን ተይውና ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ዋጥ አድርጊ። ለማቅለሽለሹ ደግሞ ቡናሽ ላይ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ነው።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እህቴ፣ የልጆቹን ነገር እንመለስበታለን። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት ከሁሉ የምታስቸኩለው። ኢናላፕሪል በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። የሽሉን ኩላሊት ይጎዳል፣ የእንሽርት ውኃውን ይቀንሳል፤ ጉዳቱ የሚከፋው ደግሞ ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። እስካሁን ስለወሰድሽው አትደንግጪ፤ በጊዜ ደርሰሽበታል። ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሳምንት አትጠብቂ፣ ቀጠሮዬ ይድረስ አትበይ። የክኒኑን ብልቃጥ ይዘሽ ግቢና "እርጉዝ ነኝ፣ ይህን እወስዳለሁ" በይ። ለእርጉዝ የሚሆኑ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች አሉ፤ ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን በብዛት ይታዘዛሉ። ሐኪሙ ይቀይርልሻል።

የወንዶች እናት፣ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክኒኑ ይቀየራል እንጂ ተጥሎ በነጭ ሽንኩርት አይተካም። ግፊት ልቅ ከተለቀቀ እናትየዋንም ልጁንም ያሳጣናል። ጤና አዳሙም ይቅር፤ ማሕፀን ያነሣሣል ተብሎ ስለሚፈራ ለእርጉዝ አይመከርም።

ግፊቱ ቀድሞም ስለነበረብሽ ሐኪሙን ስለ አስፒሪን ጠይቂው። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በትንሽ መጠን የሚሰጠው ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን አደገኛ ግፊት ለመከላከል ነው። ራስሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ ግን እንዳትጀምሪ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ካልጀመርሽ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም።

ስለ ልጁ ጤና በግልጽ ልንገርሽ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል ከእናት ዕድሜ ጋር ይጨምራል። በ40 ዓመት ከ100 እርግዝና በአንዱ ገደማ፣ በ45 ከ30 በአንዱ ገደማ ነው። አንቺ መካከል ላይ ነሽ። ይህ ማለት በዕድሜሽ ያሉ አብዛኞቹ ጤነኛ ይወልዳሉ ማለትም ነው። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ የሽሉ ማጅራት ላይ ከቆዳው ሥር ያለው ፈሳሽ በአልትራሳውንድ ይለካል። ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን ጊዜው ካለፈ አይሠራም። ያንቺ ጊዜ ከፊትሽ ነው፤ አሁኑኑ ጠይቂ። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ሙሉ አካሉ ይታያል፣ ከ24 እስከ 28 የእርግዝና ስኳር ትመረመሪያለሽ።

በወረዳሽ ጤና ጣቢያ ካርድ አውጪ። የእርግዝና ክትትልም ወሊድም በመንግሥት ጤና ተቋማት ነፃ ነው። ዕድሜሽና ግፊትሽ ሲታይ ሪፈር መጻፋቸው አይቀርም፤ ካለሽበት ጋንዲም ዘውዲቱም ቅርብ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የሚመክረው ክትትል ቢያንስ ስምንት ጊዜ ነው፤ አንቺ ከዚያም በላይ ትመላለሻለሽ።

ለሌሎቻችሁም፦ የወር አበባ መዘበራረቅ ማረጥ አይደለም። ከ50 ዓመት በታች የሆነች ሴት ካቆመባት ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ያለችው አንድ ዓመት እስኪሞላት መከላከያ አትተው። በዚህ ምክንያት ስንት ሴት እየደነገጠች ክፍሌ እንደምትገባ ባወቃችሁ።

መልስ፦ ፀሐይ ግቢ

ሁላችሁም እልል አላችሁ፣ ማንም ግን አልጠየቃትም። እህቴ፣ አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

ልክ ነሽ ፀሐይ፣ እኔም ዘልዬዋለሁ። የልደታዋ፣ እርግዝናውን ማቋረጥ ብታስቢ ማንም አይፍረድብሽ። ወደ ሰፈር መርፌ ወጊና ወደ ሥር ማሽ ግን እንዳትሄጂ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉ። እርግዝናው ለእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ሲሆን፣ ወይም ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በጤና ተቋም፣ በባለሙያ። ያንቺ ጉዳይ እዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ ሐኪምሽ ነው የሚያየው፤ ነገ ስትሄጂ በግልጽ ጠይቂ።

መልስ፦ የሰው ሀብት ሠራተኛ

ባጭሩ። የግል ባንክ ስለሆነ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር። ለምርመራ የምትሄጂበት ጊዜም ይከፈልሻል፤ የሐኪም ማስረጃ አምጪ። በእርግዝና ላይ እያለሽና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ያለ ከባድ ጥፋት ወይም ያለ ሠራተኛ ቅነሳ አያሰናብቱሽም። ለዓመት መዝጊያ ሒሳብ እያመሸሽ ሥሪ ቢሉሽም፣ እርጉዝን ትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ለማንም ምክንያት ማብራራት የለብሽም፤ አዋጁ ዕድሜ አይጠይቅም። ባልሽም ሦስት ቀን አለው። ለብርቱካን መግዣ ይበቃዋል።

መልስ፦ የካዛንቺስ ልጅ

እትዬ፣ እኔ በልጅ በኩል ሆኜ ልመልስልዎ። እናቴ ትንሹን ወንድሜን ስትወልድ 44 ዓመቷ ነበር፤ እኔ 19። ሰፈሩ ሳይፈርስ ካዛንቺስ ነበርን። እርጉዝ መሆኗን የሰማሁት ጎረቤት ቤት ቡና እየጠጣሁ ነው። "እናትሽ እንዴት ናት፣ ከበዳት?" ብለው ጠየቁኝ። አምስተኛ ወሯ ነበር። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ያኮረፍኩት ስላረገዘች አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ እኔ ስለቀረሁ ነው።

አፈርኩ ወይ? ትንሽ፤ አልዋሽዎትም። ታክሲ ውስጥ አቅፌው ስሄድ "ልጅሽ ነው? ያሳድግልሽ" ይሉኛል፤ ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ አሜን ማለት ጀመርኩ። አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው "ስ" ማለት አቅቶታል።

ለትልቋ ልጅዎ ይደውሉላት እንጂ በጽሑፍ እንዳይልኩላት። ከወንድሟ ቀድማ ትስማ። መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣውን ነገር አይያዙባት። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ይንገሯት፤ "ሞግዚት አላደርግሽም፣ ትምህርትሽን አታቋርጪም" ይበሏት። እኔን ሌሊት ሲያስጨንቀኝ የነበረው እሱ ነው፤ ማንም ግን አልነገረኝም።

መልስ፦ ሰባራ ባቡር

እኔ 42 ዓመቴ ላይ ወልጃለሁ። ከእሱ በፊት በ41 አንድ አርግዤ በዘጠነኛው ሳምንት ወርዶብኛል። በዚህ ዕድሜ ይህ ብዙ ያጋጥማል፤ ማንም የማያወራው ነገር ስለሆነ ነው የምነግርሽ። ያኔ ለሰፈሩም ለመሥሪያ ቤቱም ተናግሬ ነበር። ከዚያ ባገኘሁት ሰው ፊት ሁሉ "ቀረ" እያልኩ መዞር ከመውረዱ ይልቅ አደከመኝ። ስለዚህ ለልጆችሽ አሁን፣ ለአለቃሽ ከ13ኛው ሳምንት በኋላ፣ ለቀረው ሕዝብ ሆድሽ ራሱ ይንገርልሽ።

አራተኛ ፎቅ ነሽ። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን የሚያወጣው ማን ነው? ከዛሬ ጀምሮ አንቺ አይደለሽም። ለተፈታኙም ቢሆን አንድ ጄሪካን ከጥናቱ ያን ያህል አያዘገየውም።

የቤት ግፊት መለኪያ ግዢ፤ ክንድ ላይ የሚታሰረውን። ጠዋትና ማታ ለክተሽ ደብተር ላይ ጻፊ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን መጭበርበር፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከደረት ዝቅ ብሎ የሚይዝ ሕመም ወይም ደም ካየሽ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል። እኔ ራስ ምታቱን የቡና ሱስ ነው ብዬ አንድ ቀን አሳደርኩት። ግፊቴ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ።

ቡናው። እኔ አንድ ስኒ አስቀርቼ ነበር፤ ሁለተኛና በረካ ለእንግዳ። አይረኑን፣ ለእርጉዝ የሚሰጠውን የብረት ክኒን፣ ከቡናም ከሻይም ጋር አትውሰጂ፣ እንዳይሠራ ያደርጉታል። በባልሽ ብርቱካን ዋጪው፣ ያግዘዋል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እስክትወልጂ ይቅር። ጾሙን የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ የኔው ገና ሳልጨርስ ነው "ብዪ" ያሉኝ።

ሌላ፦ የምርመራ ውጤትሽን ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የኔን ካርድ የምከታተልበት ቦታ ጠፋ አሉኝ፤ በስምንተኛ ወሬ የደም ዓይነቴን እንደገና አስመረመሩኝ።

የልደታዋ (ከአሥር ቀን በኋላ)

እግዜር ይስጣችሁ። ነርሷ፣ አንቺን ምን ብዬ ላመስግንሽ? በማግስቱ ብልቃጡን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ገና ሲያየው "ይሄ ዛሬውኑ ይቆማል" አለኝ፤ ሜቲልዶፓ አዘዘልኝ። ግፊቴ 150 በ95 ነበር፣ አሁን 135 በ85 አካባቢ ይላል። አስፒሪኑን በሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ። ማጅራቱም ተለካ፤ ፈሳሹ ልክ ነው ተባልኩ። አፍንጫውን አሳዩኝ። የአባቱ ነው፣ ምን ይደረግ።

ፀሐይ፣ ጥያቄሽን ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሐኪሙንም ጠየቅሁት፣ ሁሉንም አስረዳኝ። እወልደዋለሁ።

ለልጄ ደወልኩላት። ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ" ስል "አባዬ ያውቃል?" አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ "ክፍሌን ልትሰጡት ነው?" ብላ አለቀሰች። የካዛንቺስ ልጅ እንዳልሽው አልያዝኩባትም፤ ስለ ትምህርቷም ነገርኳት። ማታ መልሳ ደወለች፤ ምን ምን ስም እንደማይወጣለት ዝርዝር አዘጋጅታ። ትንሹ "እሺ" ብሎ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ግን ሳልጠይቀው ሁለት ጄሪካን አውጥቶ አገኘሁ።

ሥራ ቦታ ገና ነኝ። አማቴም አልሰማችም። እሷን ለባሌ ትቼለታለሁ፤ ለሷም ብርቱካን ይግዛ።