ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬን መልሶ የሚገፋኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ድንገት ፍሬን በኃይል ስይዝ ፔዳሉ እየተርገበገበ እግሬን መልሶ ይገፋኛል፤ ከሞተሩ ክፍልም የሚንገጫገጭ ድምፅ ይሰማል። መኪናዬን ያየልኝ መካኒክ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ፣ ማለትም መዞሩን አቁሞ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሥርዓት) ኮረኮንች ላይ ቶሎ ስለማያቆም ፊውዙን እናውጣው ይላል። ምክሩ ትክክል ነውን? ጭቃ ላይ ስነሣ ደግሞ የመንሸራተት መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ሞተሩ ጉልበት የሚያጣው ስለ ምንድን ነው?

መልስ 1፦
ፊውዙን አያስወጡ። የተሰማዎት ርግብግብታ ብልሽት ሳይሆን ኤቢኤሱ ሥራውን ሲሠራ ነው። በየጎማው ያለው ሰንሰር የጎማውን ፍጥነት ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል፤ መኪናው ገና እየሄደ አንዱ ጎማ መዞሩን ሊያቆም ሲቃረብ፣ ኮምፒውተሩ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት በቫልቭ ይዘጋል፤ ይህ ካልበቃ ሌላ ቫልቭ ከፍቶ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ጎማው እንደገና ሲዞር ግፊቱን ይመልሳል፤ ይህም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይከናወናል። የተቀነሰውን ዘይት ወደ ኋላ የሚመልሰው ፓምፕ ነው ፔዳሉን የሚገፋው። የተቆለፈ ጎማ መሪ አይታዘዝም፤ የሚዞር ጎማ ግን ፍሬን ይዘውም ቢሆን ከፊትዎ ካለው ነገር ለመሸሽ ያስችልዎታል። ስለዚህ ፔዳሉን አጥብቀው ይርገጡ፣ መኪናው እስኪቆምም አይልቀቁ፤ እየረገጡ መልቀቅ ኤቢኤስ ለሌላቸው መኪኖች የቀረ ዘዴ ነው።

መልስ 2፦
መካኒኩ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። በላላ ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ ስለሚቆፍር፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ረዘም ያለ ርቀት ሄዶ ሊቆም ይችላል። መፍትሔው ግን ፍጥነትን መቀነስና ርቀትን መጠበቅ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው እንዳይቆለፉ ግፊቱን የሚያመጣጥነው ይኸው የኤቢኤስ ክፍል በመሆኑ፣ ፊውዙ ሲወጣ ይህም አብሮ ይጠፋል፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው ይሽከረከራል።

መልስ 3፦
ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ መንሸራተትን የመቆጣጠሩ ሥራ የሚከናወነው በእነዚያው የጎማ ሰንሰሮች ነው። ተራ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ኃይል ስለሚሰጥ፣ አንዱ ጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ደረቅ መሬት ቢረግጥም መኪናውን ለመግፋት የሚበቃ ኃይል አያገኝም። ኮምፒውተሩ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ሲይዘው ለሌላው የሚደርሰው ኃይል ይጨምራል፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። አስፋልት ላይ ይህ መልካም ነው። ጥልቅ ጭቃ ግን ጎማው ትንሽ እንዲሽከረከር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ማጥፊያ ተጭነው ይውጡ፣ ከወጡም በኋላ መልሰው ያብሩት። ማጥፊያው ኤቢኤሱን አይነካም።