ለጀማ ወንዝ አምባዛ የቱ መንጠቆ ይሻላል?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ዓለም ከተማ ነው፣ ጀማ ወርጄ አምባዛ አጠምዳለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ድፍርሱ ሲቀንስ ዓሣው ደህና ይበላል፤ ችግሬ መንጠቆው ነው። ቀጭኑ ትልቅ ሲይዝ ጉብጠቱ ተዘርግቶ እንደ ሽቦ ቀጥ ይላል። ወፍራሙን ሳስር ደግሞ መንጠቆው ላይ ያለውን ምግብ ጠርጎ በልቶልኝ ይሄዳል፣ ያን የሚያህል አፍ ይዞ! ባለ ሦስት ጫፉን ተዉት፤ ድንጋይ ሥር ይቀረቀርና ክሩን ይበጥሳል።

አሁን አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ «ቁጥሩን ንገረኝና ልግዛልህ» ብሎኛል። አነስ ያለውን 2/0 ልበለው ተለቅ ያለውን 5/0? መንጠቆው ላይ የማደርገው ምግብ የበሬ ጉበትና የዓሣ ቁራጭ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ የሞከራችሁስ፣ ክሩ ሲሳብ ወዲያው ይነጨቃል ወይስ መንጠቆው ራሱ ዓሣውን እስኪይዘው ይጠበቃል? ዋጋው ስለማይቀመስ ሁለቱንም ቁጥር በአንዴ አላስገዛውም። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ቅዳሜ ይመጣል።